አምባዛው ከሞተ በኋላም ወጋኝ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰፈራችን ዓሣ ሻጭ ይበዛበታል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ፤ እኛ ቤትም ገና አልተቋጨም። ቱሉ ዲምቱ፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ልጆች በባልዲና በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ይቆማሉ። አንዱ "ከዝዋይ ነው" ይላል፣ ሌላው "ከቆቃ ነው" ይላል። ትኩስ እስከሆነ ድረስ እኔ አልጨቀጭቃቸውም። አብዛኛው ቆሮሶ ነው። አልፎ አልፎ ግን አምባዛ ይገኛል፤ ያ ባለ ጢሙ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ የሆነው።

አንድ ቅዳሜ አምባዛ ገዛሁ። ልጁ "ላጽዳልሽ እህቴ?" አለኝ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ እኔም ቸኩያለሁ። እንዳለ ይዤው ሄድኩ።

እቤት ስደርስ ዓሣው ከሞተ ቆይቷል። ዓይኑ ፈዟል። መክተፊያው ላይ አጋድሜ ከጭንቅላቱ ሥር ያዝ ሳደርገው አንድ ነገር መዳፌ ውስጥ ገባ። ገባ ስል የምሬን ነው፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ውስጥ። ከጎን ክንፉ ፊት ያለው እሾህ ነው። ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጫነው ብል አልተኛም። በቢላዋ ጀርባ ብገፋውም ንቅንቅ አላለም። እጄ እስከ አንጓው ድረስ ተቃጠለ፣ ማታ ላይም አበጠ።

የፊት ለፊቷ እትዬ ቅባት ይዘው መጡ። እጄን አገላብጠው አዩና "በሬሳ ተወግተሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ዓሣው እሾሁን ያቆመው ለመዳን ነው። አልዳነም። ታዲያ ከሞተ በኋላ የቆመ እሾህ የሚጠብቀው ማንን ነው?

እጄ እስኪሽር ድረስ በዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ከአምባዛ ጀመርኩ። ሳላስበው ባሕር ውስጥ ገባሁ።

የሚያንቅ ጉርሻ

መጀመሪያ ስለ እሾሁ። አምባዛና ዘመዶቹ ይህን እሾህ ሲያነሱት ሥሩ ከትከሻ አጥንታቸው ጋር ይቆላለፋል። አንዴ ከተቆለፈ ዓሣው በጡንቻው ደግፎ መያዝ አያስፈልገውም። ከውጭ ሆኖ ሊያጥፈው የሚሞክር ይሰብረው ይሆናል እንጂ አያስተኛውም። ስለዚህ ነፍሱ ከወጣች በኋላም እንደቆመ ሊቀር ይችላል። በብዙ የአምባዛ ዝርያዎች ደግሞ እሾሁን የሸፈነው ቆዳ ውስጥ መርዝ የያዙ ሴሎች አሉ። እሾሁ ሲገባ ቆዳው ይቀደዳል፣ መርዙም ቁስሉ ውስጥ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ መርዛማ የአምባዛ ዝርያዎችን ቢያንስ 1,250 አድርሷቸዋል። እኛ ግን መርዝ ሲባል የሚመጣልን እባብ ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ መርዙ አይደለም። የእሾሁ ዋና ሥራ መውጋት አለመሆኑ ነው። ዓሣ የሚበላ ዓሣ በአብዛኛው አያኝክም፤ እንዳለ ይውጣል። ወፎቹም እንደዚያው ናቸው። ባቱ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ፔሊካኖቹንና አባ ኮዳዎቹን ያውቃቸዋል፤ ዓሣውን ከራሱ በኩል ያዞሩታል፣ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ በቃ። እንግዲህ ለበላተኛው ትልቁ ጥያቄ "ይጣፍጣል ወይ?" ሳይሆን "ይገባል ወይ?" ነው። አምባዛው ግራና ቀኝ እሾሁን ሲዘረጋ ወርዱ በአንድ ጊዜ ይሰፋል። ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል።

"ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው" እንላለን። እንዲህ ያለ ጉርሻ የገጠማት ወፍ ግን ጭንቁ ብቻ ነው የሚተርፋት። እሾኻም ዓሣ ጉሮሯቸው ውስጥ ተሰንቅሮ የሞቱ ፔሊካኖች ተገኝተዋል። ወፏ ሞተች፣ ዓሣውም ሞተ። ከዚህ ማን ተጠቀመ? ጥያቄዬ እንደገና እዚያው ጋ ቆመ።

ስለ ወርድ ካነሳሁ አይቀር አንድ የስዊድን ሙከራ ልጨምር። ክሩሽያን ካርፕ የሚባል ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ዓሣ ፓይክ ከሚባለው ዓሣ በል ጋር አንድ ኩሬ ውስጥ ሲገባ የሰውነቱ ቅርጽ ይለወጣል። ጀርባው ወደ ላይ፣ ሆዱ ወደ ታች ይገፋል። ከፓይኩ አፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ፓይክ በሌለበት ኩሬ ያደጉት ወንድሞቹ ግን ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ለምን ሁሉም ወፍራም አይሆኑም? ወፍራም ሰውነት ውሃውን ሰንጥቆ ለመሄድ ይከብዳል፤ ጉልበት ይበላል። ጠላት ከሌለ ለምን ይከፈላል?

ሻርኩ አፉን መዝጋት ሲያቅተው

ቀይ ባሕር ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ዓሣ አለች። የሙሴ ዓሣ ይሏታል። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል መሃል ላይ ተገኘችና ለሁለት ተሰነጠቀች፣ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሆና ቀረች የሚል ተረት አላት። ዘጸአትን በቃሉ የሚያውቅ ሁሉ ስለ ፈረዖን ሠራዊት እንጂ ስለዚህች ዓሣ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሜሪካዊቷ የባሕር ተመራማሪ ዩጂኒ ክላርክ ይህችን ዓሣ በእጇ ስትይዝ ከክንፎቿ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ጣቶቿን ቆንጥጦ አደነዘዛት። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዓሣዋን ለሻርኮች እያቀረበች ሞከረች። ሻርኩ ይመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ሊነክስ ሲል መንጋጋው ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ራሱን እያወዛወዘ ይሸሻል። ዓሣዋ ምንም አልሆነችም። ከዚያ በኋላ ይህን ፈሳሽ የሻርክ ማባረሪያ ለማድረግ ብዙ ተደከመ፤ ቶሎ ስለሚበላሽ አስቸገረ። ተመራማሪዎች ሥራውን ሲመረምሩት ደግሞ ጠባዩ ሳሙና መሰል ሆኖ አገኙት፤ ሻምፑ ውስጥ የሚገባ ተራ የሳሙና ኬሚካል ሻርክን ሊያባርር እንደሚችልም አሳዩ። የሙሴ ዓሣ ሻርክን በአረፋ ታባርር ነበር እንዴ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይህ የሚገባኝ ዓይነት መከላከያ ነው። ተከላካዩ ይድናል። ቀለሙን የሚረጨው ኦክቶፐስም፣ ከውሃ ዘልሎ አየር ላይ የሚንሳፈፈው በራሪ ዓሣም፣ የሆድ ዕቃውን ተፍቶ በኋላ አዲስ የሚያበቅለው የባሕር ኪያርም እንደዚያው ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰው አይቷቸዋል፣ አልደግማቸውም።

ያልገባኝ የፓፈር ነገር ነው። ፓፈር ሲነኩት ውሃ ውጦ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣ ነው። መነፋቱ ለማስፈራራት፣ ላለመዋጥም ነው። ሥጋው ውስጥ ግን መርዝ አለ፤ በተለይ ጉበቱና ዕንቁላሉ። ጃፓን ውስጥ ይህን ዓሣ ለምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ፈቃድ ሊኖረው የግድ ነው። መርዙን ዓሣው ራሱ አይሠራውም፤ ከባክቴሪያዎች የሚመጣ ነው፣ ከሚበላው ጋር ይሰበስበዋል። መርዙም ዓሣው ከሞተ በኋላ ይሠራል፤ አሁንም ሰው ይገድላል። ለሞተው ፓፈር ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ጥያቄ ከኔ በፊት የጠየቁት ሰዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ መራራ ነፍሳት ተመሳሳይ ነገር አንስቷል። መራራ መሆንሽን የሚያውቀው ከቀመሰሽ በኋላ ከሆነ መራራነትሽ ምን ያደርግልሻል? መልሱ ወንድሞችሽ እዚያው ቅጠል ላይ ናቸው የሚል ነበር። አንዷን የቀመሰ ወፍ ሌሎቹን ይተዋል። መራራነቷ በወንድሞቿ ውስጥ ይቀጥላል። ጥሩ መልስ ነው። ለኔ ግን በቂ አልሆነም። ምክንያቱን ለመናገር ትንሽ ልዙር።

ከአባይ በረሃ የመጣ ግድግዳ

ባሕር የለንም እያልን እናዝናለን። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን ምናልባት ከባሕር የመጣ ነው። አባይ በረሃን የወረደ ሰው ገደሉ ላይ ያለውን የኖራ ድንጋይ ንብርብር አይቶታል። ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን የሸፈነ ባሕር ዝቃጭ ነው። የሙገር ሸለቆም የዚያው አካል ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ የዛጎል ስብርባሪ አለ።

ዛጎል ጌጥ አልነበረም። አጥር ነበር፤ ለስላሳ ሰውነት በጥርስና በጥፍር እንዳይነካ የተሠራ። ባለቤቱ ሞተ። ዛጎሉ ተከማቸ፣ ድንጋይ ሆነ፣ ተቆፈረ፣ ተፈጨ፣ ተቃጠለ። ለባለቤቱ ብዙም ያልቆየለት ጋሻ ዛሬ እኔን ከዝናብ ያስጥለኛል። ያ እንስሳ ለኔ ብሎ አልሠራውም። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እንዲሁ ነበር የጻፍኳት። በኋላ ግን ትርጉም አወጣች።

ድር ቢያብር?

"አንድ ዓሣ ሞቶ ሌሎቹ ከዳኑ በቃ፣ ይህማ ትብብር ነው" ያለኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ መልስ አያጣም። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?" አለኝ። በመንጋ የሚሄዱትን ትንንሽ ዓሣዎች ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ላይ ይታጠፋሉ፣ አንድ ላይ ይበተናሉ፣ እንደገና ይገጥማሉ። ያምራል። ደግሞም ይሠራል፤ አዳኙ ከሺህ አብረቅራቂ ጎኖች መካከል አንዱን ለይቶ መከተል ያቅተዋል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን ይህን ውበት ጠርጥሮታል። አንድ ክብ ኩሬ አስቡ አለ። ዳር ዳሩን እንቁራሪቶች ተቀምጠዋል። ከውሃው ውስጥ እባብ ብቅ ይላል፣ ቅርቡ ያለችውን ይበላል። እያንዳንዷ እንቁራሪት ምን ታደርጋለች? ዘልላ በሁለት ጎረቤቶቿ መካከል ትገባለች፤ እባቡ እነሱን ቀድሞ እንዲያገኝ። ሁሉም ይህንኑ ሲያደርጉ ክምር ይሆናሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድነት ይመስላል። ውስጡ ግን እያንዳንዷ ሌላዋን ጋሻ እያደረገች ነው። ድሩ አላበረም፤ ተገፋፋ እንጂ።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሳነብለት ፊቱ ጠቆረ። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታበላሺዋለሽ" አለኝ። ሁሉም መንጋ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ግን እውነት ለመናገር የሃሚልተን ጥርጣሬ ከተረቱ ይልቅ አሳማኝ ሆኖብኛል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

በዚያው ሰሞን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጀርባችን ካለው ብሎክ ጩኸት ተሰማ። "ኡ ኡ! ኡ ኡ! ሌባ!" የሴት ድምፅ ነው። መጀመሪያ በሕልሜ መሰለኝ። ከዚያ መብራት በየመስኮቱ መብራት ጀመረ። የጥበቃው ፊሽካ ተነፋ። ውሾቹ አበዱ። ወንዶቹ ያገኙትን ይዘው በደረጃው ተንጋግተው ወረዱ፤ አንዱ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ የበሬን ቁልፍ አየሁ፣ እንደገና ወጣሁ። ማንም አልተያዘም። የሴትየዋ ስልክና ላፕቶፕ ሄዷል።

ጠዋት ውሃ መጥታ ስለነበር ሁላችንም ጀሪካን ይዘን ታች ተሰብስበናል። ወሬው ያው የሌሊቱ ነው። የኛ ብሎክ ሰው አንዱ በሩ ተነካክቶ አገኘሁት አለ። እትዬ ሴትየዋን አቅፈው "አንቺ ልጅ ጮኸሽ አዳንሽን! ቀጥሎ እኮ እኛ ነበርን!" አሏት። ሁሉም "ተባረኪ" አላት።

እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። ዓይኗ ቀልቷል። "እትዬ፣ እናንተን ላድን ብዬ አይደለም የጮኽኩት" አለች። "ደንግጬ ነው። አፌ ነው የጮኸው።"

ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ ነው የነቃሁት። ያ ሁሉ ንባቤ የተያያዘው ያኔ ነው። ምክንያቱም ማታውን ያነበብኩት ስለ ካርል ፎን ፍሪሽ ነበር።

ፎን ፍሪሽ በንቦች ጭፈራ የሚታወቀው ኦስትሪያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በ1938 ያወጣው ግኝት ግን ስለ ትንንሽ ዓሣዎች ነው። አንዷን ዓሣ ለምልክት ብሎ ጎዳትና ወደ መንጋዋ መለሳት። መንጋው ደነገጠ፣ ተጠጋግቶ ሸሸ። ምን አዩ? ምንም አላዩም። አሸተቱ። የዓሣዋ ቆዳ ሲቀደድ ከውስጡ አንድ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይወጣል፤ ሌሎቹ ይህን ሲያሸቱ አደጋ እንዳለ ያውቃሉ። ይህ ነገር አምባዛንና የጣናዎቹን ባርበሶች በሚያቅፈው ትልቅ የዓሣ ወገን ውስጥ በሰፊው ይገኛል።

ልብ በሉ፣ ንጥረ ነገሩ የሚወጣው ቆዳው ሲቀደድ ብቻ ነው። ዓሣዋ አደጋ አይታ በፈቃዷ አትለቀውም። የአዳኙ ጥርስ ሥጋዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ለሷ አልፏል። ታዲያ እነዚህን ሴሎች ተሸክማ የምትዞረው ለማን ብላ ነው?

ተመራማሪዎቹም በዚህ ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ቡድን ደፋር ሐሳብ ይዞ መጣ። ሽታው ሌላ አዳኝ ይጠራል አሉ። ሁለተኛው ፓይክ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር ይጣላል፤ በግርግሩ የተያዘችው ዓሣ አምልጣ ልትወጣ ትችላለች። በሙከራ ሲያዩት አንዳንዷ በእርግጥም አመለጠች። ብልህ ነው፣ ግን ለኔ ትንሽ ተጠማዘዘብኝ። ሌባ ቤት ሲገባ ሌላ ሌባ መጥራት!

በ2007 የካናዳ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ገለበጠው። ሴሎቹ ለማስጠንቀቂያ ባይሆኑስ? ዓሣዎቹን ቆዳ ሰርስረው ለሚገቡ ጥገኛ ትሎችና ለሻጋታ መሰል ተሕዋስያን አጋለጧቸው። እነዚያ ሴሎች ጨመሩ። ስለዚህ የሴሎቹ የመጀመሪያ ሥራ ቆዳን ከበሽታ መጠበቅ ሳይሆን አይቀርም። ዓሣዋ የተሸከመቻቸው ለራሷ ነው። ሲቀደዱ የሚወጣውን ሽታ ጎረቤት ማንበብ ተማረበት፣ በቃ።

ሴትየዋ ጀሪካኗን ይዛ ያለችውም ይህንኑ ነው። አፌ ነው የጮኸው። መብራት ያበራነው እኛ ነን። በራችንን ያየነው እኛ ነን። ምስጋናውን ግን ለሷ ሰጠናት፤ እሷ ደግሞ ስልኳን ነበር የምትፈልገው።

እኔ "ማንን ይጠብቃል?" ብዬ ስጠይቅ እሾሁ አንድ ሰው ያሰበበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለሞተው ያልጠቀመ ለሌላው ታስቦ መሆን አለበት የሚል። የፊሸር መልስ ያልበቃኝ ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ይፈልጋል። የአምባዛው እሾህ ግን ዓሣው በሕይወት እያለ የሠራ ነገር ነው። ዓሣው ሄደ፣ ቁልፉ ቀረ። እኔ እጄን ሰደድኩ።

ፓይኩ የት ነው የሚጸዳዳው?

ጎረቤት የተማረው ግን ትንሽ አይደለም። ፓይክ አይታ የማታውቅ ትንሽ ዓሣ የፓይክን ሽታ ከተቀደደ ቆዳ ሽታ ጋር አንድ ጊዜ ካሸተተች ይበቃታል። ከዚያ በኋላ የፓይኩ ሽታ ብቻውን ያስደነግጣታል። አስተማሪዋ ማን እንደነበረች አታውቅም፤ ተበልታለች።

የተበላችው ሽታም ሆድ ውስጥ ገብቶ አያልቅም። ከፓይኩ እዳሪ ጋር ይወጣል። ትንንሾቹ ዓሣዎች እዳሪውን ሲያሸቱ የነሱ ወገን እንደተበላ ይለያሉ፣ ከዚያ አካባቢም ይርቃሉ። ለፓይክ ይህ ትልቅ ችግር ነው። ፓይክ ተደብቆ ጠብቆ የሚይዝ አዳኝ ነው፤ ያለበት ከታወቀ ምሳ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት ይህን ተከትሎ ፓይኮችን በገንዳ ውስጥ አስቀምጦ የት እንደሚጸዳዱ መዘገበ። ይህን ሥራዬ ብሎ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው መኖሩ ራሱ ደስ ይለኛል። ፓይኮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት በአንድ ጥግ ነው። መጸዳዳት ሲፈልጉ ግን ያንን ጥግ ይተዋሉ፤ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳሉ፣ ጨርሰው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሌባውም እኮ በሰፈሩ አይሰርቅም" አሉኝ።